የጦጣ ሠሪው የማሲላማኒ ራማ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብዕር ያነሳሁት ዐውቃለሁ ብዬ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ እስካሁንም አንዳንዱ ፊደል ያምታታኛል። መንገዳችን፣ የነሐስ አፍሳሾች ሰፈር፣ ለቤተ መቅደሱ ምረቃ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ስለ አያ አሩናጊሪ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ስለ ቤተ መቅደሱም፣ ገንዘብ ስላዋጡትም የሚጽፍ አለ። ስለ ማሲላማኒ የሚጽፍ እንደሌለ ሳይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ወናፍ ነፊ ነኝ። ከእሳቱ ዳር ሆኜ ያየሁትንና ሚስቱ ቬዳቫሊ የነገረችኝን ነው የምጽፈው። የተበላሸ ቃል ብታገኙ አርማችሁ አንብቡልኝ።

ማሲላማኒን የማያውቅ የለም፤ ድምፁን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ወደ ካቬሪ ወንዝ በሚያወርደው ደረጃ አጠገብ፣ ከሙዙ ተክል ቀጥሎ ባለችው ቤት ይኖራል። ቀጭን፣ ጠይም፣ ሲስቅ እንኳ ትከሻው ብቻ የሚስቅ ሰው ነው። ሰው ሲያናግረው መዳፉን አፉ ላይ ያደርግና ጎንበስ ይላል። ይህን ከየት እንደተማረው ለማወቅ ሥራውን ማየት ይበቃል። የኛ መንገድ ሐኑማን፣ ያ ባለ ጦጣ ፊቱ አገልጋይ፣ በጌታው በራማ ፊት የሚቆመው እንዲሁ ነው፤ ትንፋሹ ጌታውን እንዳይነካ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ። ማሲላማኒ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ ሐኑማን ሲሠራ ኖሯል።

ምስሎቹን በሰም ቀርጸን፣ በጭቃ ሸፍነን፣ ነሐስ በምናፈስበት በዳሳችን ሥራ የሚከፋፈለው በማዕረግ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት በጫካ ተሰድዶ የተመለሰውን ንጉሡን ራማን የሚሠሩት የዳሱ ባለቤት አያ አሩናጊሪ ናቸው። የራማን ሚስት ሲታንና ታናሽ ወንድሙን ላክሽማናን የሚሠራው ናቴሳን ነው። የቀረው ሐኑማን ለቀረው ሰው ነው፤ የቀረው ሰውም ማሲላማኒ ነበር። ወላጆቹ ሞተውበት ገና ጢም ሳያበቅል ወደ ዳሱ ሲመጣ፣ እጁ እስኪፈታ ብለው ሐኑማንን ሰጡት። እጁ ተፈታ። እንዲያውም እንዲህ ያለ ሐኑማን ታይቶ አይታወቅም ተባለ። ጠንካራ፣ አጠር ያሉ እግሮች፣ መሬቱን ቆንጥጠው የያዙ ጣቶች፣ ሊዘል ተነሥቶ ስለ አክብሮት ብቻ የቆመ የሚመስል ገላ። ጉዱም ይኸው ሆነ፤ ሥራው ስላማረ እዚያው ታሰረ። ሌላ ነገር እንስጠው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ፀጉሩ ሸበተ፤ ስሙም «ጦጣ ሠሪው» ሆኖ ቀረ።

«ጦጣ ሠሪው፣ ዛሬስ ስንት ጅራት በቀለልህ?» ይለዋል ናቴሳን ጠዋት ጠዋት አፍ የሚያቀላውን ቅጠል እያኘከ።

ማሲላማኒ በትከሻው ይስቅና ሰሙን ማሸት ይጀምራል። ቅር አይለውም ነበር ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። አያ አሩናጊሪ ራማን ሲሠሩ ከኋላ ቆሞ የሚያይበትን ዐይን አይቻለሁ። የራበው ሰው የሌላውን ገበታ የሚያየው እንደዚያ ነው።

የኛን መንገድ ነገር ታውቁታላችሁ። ስንቱ ሩቅ አገር ያለ ቤተ መቅደስ የኛን ነሐስ አቁሞ ይሰግዳል፤ የራሳችን ቤተ መቅደስ ግን ከአያቶቻችን ጀምሮ ቀለም የተቀባ የጭቃ ምስል ነበር ያለው። ዝናብ በገባ ቁጥር የሲታ አፍንጫ ይረግፍ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለራሳችንም ነሐስ እናፍስ አሉ። አራቱም፣ ራማ፣ ሲታ፣ ላክሽማና፣ ሐኑማን፣ ለራሳችን መንገድ። ያን ቀን ሴቶቹ እልል ሲሉ ወናፌን ትቼ ወጥቼ ቆሜ ነበር።

ችግሩ የአያ አሩናጊሪ ዐይን ነበር። ሞራ ሸፍኖታል። ሰው የሚለዩት በድምፅ፣ ሰምም የሚለዩት በአውራ ጣታቸው ነው። ዳሱ ሁሉ ራማ ለናቴሳን ሊሰጥ ነው ብሎ ጠበቀ፤ ናቴሳንም ለዚሁ ቀን አዲስ ሽርጥ አገልድሞ መጣ።

አያ አሩናጊሪ አዲስ የተቆረጠ የኮኮነት ቅጠል በእርድ ቀብተው ያዙና፣ «ማሲላማኒ የታለ?» አሉ።

«እዚህ ነኝ አያ» አለ በመዳፉ ውስጥ።

«ቅረብ። እጅህን ከአፍህ ላይ አንሣና ተቀበል። ራማ ያንተ ነው።»

 ማሲላማኒ በቁሙ ደርቆ ቀረ።

«አያ፣ ተሳስተው እንዳይሆን» አለ ናቴሳን፣ «እሱ እኮ ጦጣ ሠሪው ነው።»

«ዐይኔ ነው የታወረው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ማን ብዬ እንደጠራሁ ዐውቃለሁ። ላክሽማናን እንዳንተ የሚሠራልኝ የለም፤ እሱን አሳምርልኝ።»

ማሲላማኒ ቅጠሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ግንባሩ ላይ አደረገው። ወደ ቤቱ ሄደ። ቬዳቫሊ የሰማችው ከጎረቤት ነው። «ይኼ ሰውዬ ቤት ገብቶ እርጎ በሩዝ በልቶ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ» ትላለች፣ «መቼ ትነግረኛለህ ስለው፣ ‹እውነት መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው› አለኝ!»

እንግዲህ ስለ ቅጠሉ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የተጠመጠመው እሱ ላይ ነውና። እኛ በብረት መለኪያ አንለካም። የኮኮነት ቅጠል አከርካሪው ይወጣለታል፤ በምስሉ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከዚያ እኩል እኩል እየታጠፈ ፊቱም፣ ደረቱም፣ ጭኑም በእጥፋቱ ይለካል። ቅጠል ግን ከዛፍ ከወረደ ይኮማተራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ዳሱ ጥግ ካለው የቀርከሃ በትር ጋር እያስተያየን አዲስ እንቆርጣለን፤ የትናንቱን እንጥላለን። ይህን የማያውቅ የዳስ ሰው የለም።

ማሲላማኒም ያውቀዋል። ግን ያቺ ቅጠል ተራ ቅጠል አልነበረችም። አያ በገዛ እጃቸው እርድ ቀብተው የሰጡት፣ ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ቅጠል ናት። እንዴት ይጣላት! ማታ ማታ ቤቱ ወስዶ በጸሎት ማእዘኑ፣ ከመብራቱ በላይ ይሰቅላታል፤ ጠዋት ተሳልሞ ያወርዳታል። በመጀመሪያው ቀን የራማን ራስና ደረት ለካባት። ከዚያ ወገቡን። ከዚያ ጭኑን፣ ጉልበቱን፣ ባቱን። ቅጠሏ በመብራቱ ሙቀት በየቀኑ በአንዲት የገብስ ፍሬ ልክ፣ ደግሞ በሌላ ታጥራለች፤ እሱ አላየም።

ዐይኑስ? ትሉ ይሆናል። ዐይኑማ የሐኑማን ዐይን ነው። ሠላሳ ዓመት አጠር ያለ ጠንካራ እግር ሲያይ የኖረ ዐይን፣ የራማ እግር አጠር ሲል «እሰይ፣ ዛሬ ገና ልክ መጣ» ነው ያለው። ከላይ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ፊቱ የሚያምር ራማ ነበር። ሰሙ ገና ሰም ሆኖ ሳለ ሰው ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣው ነበር።

ሰሞቹ የጭቃ ልብሳቸውን ከመልበሳቸው በፊት አራቱን ጎን ለጎን ማቆም ልማድ ነው። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እኛም ሥራ ፈትተን ከበብን። ሲታ ቆመች። ላክሽማና ቆመ። ቀድሞ ማሲላማኒ የሠራው ሐኑማን ቆመ። ራማ መሐል ገባ።

መጀመሪያ የሳቀው ናቴሳን ነው። አፉን ይዞ ሊያፍነው ሞክሮ ነበር፤ አመለጠው።

«ምነው?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ኧረ ምንም! ሐኑማን የራማ ልብ ድረስ ነበር የሚደርሰው፤ ዛሬ ትከሻው ጋ ደርሷል። ጌታውን ሊስመው ነው መሰለኝ!» አለና ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ቀስ ብሎ፣ «ማሲላማኒ... ከንጉሡ ሥር የጦጣ እግር ተክለሃል እኮ» አለው።

ማሲላማኒ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ሮጦ በትሩን አመጣና ቅጠሏን አስተያያት። ቅጠሏ ከበትሩ ጫፍ ሳትደርስ ቀረች።  

አያ አሩናጊሪ ተመርተው መጡና አውራ ጣታቸውን ከራማ ዘውድ ጀምረው ወደ ታች አወረዱ። ፊቱ ላይ ፈገግ አሉ። ደረቱ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭኑ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። 

ሽማግሌዎቹ ተጨነቁ። ነሐሱ የሚፈስበት ቀን በኮከብ ቆጣሪ ተቆርጧል፤ ጨረቃዋ ሳትሞላ መፍሰስ አለበት። ያ ቀን ካለፈ ምረቃው ለሌላ ዓመት ይተላለፋል።

እዚህ ላይ ናቴሳንን ላመስግነው። ተሳዳቢ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። «ስሙኝ» አለ፣ «ዘውዱን ከፍ እናድርገው፤ ከእግሩ በታች ያለውን የሎተስ አበባም እናወፍረው። ቁመቱ ይሞላል። ደግሞ ልብስ ይለብሳል፤ የአበባ ጉንጉን ይጫንበታል፤ ጭኑን ማን ያያል?»

«እውነቱን ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ነፍሳቸው መለስ ብላ። «ማን ያያል!»

«ካልሆነም ከወገቡ ቆርጠን አዲስ እግር እንቀጥልለት» አለ ናቴሳን።

ሁሉም ወደ አያ አሩናጊሪ ዞረ። እሳቸው ግን፣ «እኔ ምን አገባኝ? የሰጠሁትን መልሼ አልቀበልም። የማሲላማኒ ነው፤ እሱ ይፍረድ» ብለው ጭቃው ክምር ላይ ተቀመጡ።

ማሲላማኒ ወደ ሰሙ ራማ ቀረበ። እሺ እንደሚል ሁላችንም ወስነን ነበር፤ መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል? እሺ ቢል ራማው ይኖረዋል። እምቢ ቢል ደግሞ ቀኑ ሳይደርስለት ራማውን ለናቴሳን ሊያስረክብ ይችላል፤ ሌላ ራማ በዕድሜው ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው አልነበረም። ለቬዳቫሊ በኋላ እንደነገራት፣ የዚያን ጊዜ ያየው የገዛ ሐኑማኑን ነው። ሐኑማን አፉን ይዞ ቀና ብሎ ራማን ያያል። «ሰው ባያይ እሱ እያየው ነው» አልኩ፣ አላት።

እጁን ከአፉ ላይ አወረደ።

«መቁረጡ አይሆንም» አለ። ድምፁ ጎላ ብሎ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። «ራማ በአንድ እግሩ ነው የሚያርፈው። ክብደቱ ከእግሩ ተነሥቶ ነው ወገቡን የሚሰብረው፣ ትከሻውን የሚያዘነብለው። እግሩን ከቀየርኩት ትከሻው ውሸት ይሆናል፤ አንገቱም። ዘውድ ብንጨምርለትም አጭር እግር ላይ ረጅም ቆብ ነው። ለሌላ አገር ስንሠራ ያላደረግነውን ለራሳችን አናድርገው።»

ይህን ብሎ ራማውን እንደ ሕፃን በሁለት ክንዱ አቀፈው። ወደ እሳቱ መጣ፤ ወደ እኔ። «ምጣዱን አምጣልኝ» አለኝ።

«ኧረ ማሲላማኒ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ኧረ ፊቱን እንኳ!»

«ዐይኑ እስኪከፈት ድረስ ሰም ነው እንጂ ጌታ አይደለም» አላቸው፤ አስቀመጠውም። ያ ፊት ሲለሰልስ፣ ሲያዘነብል፣ ሲቀልጥ ዐይኑን አላነሣም። እኔ ነኝ ዞር ያልኩት።

አያ አሩናጊሪ የሰሙን ሽታ ሲሰሙ ከጭቃው ክምር ላይ ተነሡ። «አሁን» አሉ፣ «አዲስ ቅጠል ቁረጡለት። የራሱን ራማ ምጣድ ውስጥ የሚጨምር ሰው ሌላውን ይሠራዋል። ቀኑ ይደርሳል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠሉን የምትቆርጠው ቬዳቫሊ ሆነች። እሱን አላመነችውም። ጎህ ሲቀድ አዲሱን ቆርጣ በበትሩ ታስተያይና የትናንቱን ከእጁ መንጭቃ ለፍየሏ ትሰጣለች።

«አንቺ ሴት! ራማን የለካሁበትን እኮ ነው!»

«ታዲያ ፍየሏም ትባረክ! አንተ ሰቅለህ ብትስመው ምን እንዳመጣብህ አየን።»

«ቢያንስ ቀስ ብላ ትብላው።»

«እነግራታለሁ።»

ናቴሳን የላክሽማናውን ሥራ ጨርሶ ስለነበር ሰሙንና ሙጫውን በለውዝ ዘይት እያሸ ያቀብለው ጀመር። ሳይጠየቅ ነው የመጣው። አፉ ግን አላረፈም። «እግር ላይ ነን እንዴ? ቆይ ጅራት እንዳታበቅልበት ከኋላ ልቁም!» ማሲላማኒ በትከሻው እየሳቀ ይሠራል። በዚህኛው ጊዜ ከእግሩ ነው የጀመረው። ኢድሊ፣ የሩዝ ዳቧችን፣ ሲመጣለት ጨብጦት ይረሳና ጭብጡ ውስጥ ይደርቅ ነበር። ከእግር ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ። ፊቱን የሠራው መጨረሻ ላይ ነው። ፊቱ የፊተኛውን አልመሰለም። የፊተኛው ቆንጆ ነበር፤ የኋለኛው ግን ከሩቅ አገር በእግሩ ተጉዞ ቤቱ የደረሰ ሰው ፊት ነበር።

ወንዙ የሰጠንን ልም ጭቃ ከተቃጠለ የሩዝ ገለባ ጋር አሽተን ቀባነው፤ በጥላ አደረቅነው፤ ወፍራሙን ደረብንለት፤ በሽቦ አሰርነው። ጨረቃዋ ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት ሰሙን አቅልጠን አወጣንና ነሐሱን አፈሰስን። ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቺን ካልተናገርኩ እሞታለሁ። የመንገዱ ሴቶች እየመጡ ከጆሮና ከጣታቸው ያወለቁትን ወርቅ ጠብታ ጠብታ ነሐሱ ውስጥ ጣሉ። ቬዳቫሊ የአፍንጫ ጌጧን ጣለች። ነሐሱ ሳይንተፋተፍ፣ ሳያጉረመርም እንደ ማር ወረደ።

ጭቃው ሲሰበር፣ በዳሳችን ልማድ፣ የምስሉ ፊት የሚገለጠው መጨረሻ ነው። ማሲላማኒ መዶሻውን ለናቴሳን ሰጠና ዞሮ ቆመ። ናቴሳን እግሩን ገለጠ። ጭኑን ገለጠ። ደረቱን ገለጠ። ሲዘገይበት ማሲላማኒ ሳይዞር፣ «ጎደለ?» አለ።

«ዝም በል አንተ ሰውዬ፤ እያየሁ ነው» አለ ናቴሳን። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «ምንም አልጎደለም። ምንም።»

የዐይን መክፈቻው ቀን መጣ። ሠሪው በነጭ መጋረጃ ውስጥ ብቻውን ከምስሉ ጋር ይገባል፤ በወርቅ መሮ ብሌኑን ይስላል። ከዚያ በፊት ነሐስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጌታ ነው። ይህን ሥራ ዘወትር የሚሠሩት አያ አሩናጊሪ ነበሩ። መንገዱ ሞልቶ፣ ከበሮውና ነጋሪቱ እየጮኸ ሳለ መሮዋን አውጥተው፣ «የሠራው ይክፈት» አሉ።

ማሲላማኒ ያን ሁሉ ሰው አየ። እጁ ወደ አፉ ተነሣ። ግማሽ መንገድ ላይ መለሰውና መሮዋን ተቀብሎ ገባ። ውጭ የቆምነው የሰማነው የመሮዋን ድምፅ ብቻ ነው፤ ጭር፣ ጭር፣ እንደ ፌንጣ። ከዚያ መሮዋ ቆመች። ቬዳቫሊ ክንዴን ይዛ ጥፍሯን ተከለችብኝ።

መጋረጃው ሲወርድ ልማዱ እንደሆነው፣ የመጀመሪያ እይታው በረከት እንዲሆን፣ መስታወት ተያዘለት፤ ላምና ጥጃዋ ቀረቡ፤ የእህል ክምር ቀረበ። ራማ መንገዳችንን አየ። መንገዳችንም ራማን አየ። ላክሽማና በጎኑ ጆሮው ድረስ፣ ሲታ ትከሻው ድረስ፣ ሐኑማን ልቡ ድረስ። ሁሉም በየቦታው። ሕዝቡ ጮኸ። አያ አሩናጊሪ ተመርተው መጡና ዘውዱንም ፊቱንም ትተው ጎንበስ ብለው ባቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ እየሳቁ፣ «ይኼ እግር ዐሥራ አራት ዓመት ጫካ ለጫካ የሄደ ነው!» አሉ ጮክ ብለው፤ መንገዱ በሙሉ ሰማ።

ናቴሳን ማሲላማኒን በክርኑ ገፋ አደረገው። «እንኳን ደስ አለህ ጦጣ ሠሪው።»

«ጦጣውንም እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ ማሲላማኒ። አፉ ላይ መዳፍ አልነበረም። ደረቱን ነፍቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሲነፋ አየነው፤ አማረበትም።

በነጋታው ጠዋት እንኳን ሰዉ ከበሮውም የተኛ ይመስል ነበር። ማሲላማኒ ተነሣ፤ ወንዝ ወርዶ ታጠበ። ራማን የለካባትን የመጨረሻዋን ቅጠል ከዳሱ አመጣና በገዛ እጁ ለፍየሏ ሰጣት፤ ቀስ ብላ እስክትጨርስ ቆሞ አያት። ከዚያ ከኮኮነቱ ዛፍ አዲስ ቅጠል ቆረጠ፤ ከበትሩ ጋር አስተያየ፤ አጠፈ። ቦታው ላይ ተቀመጠና ከእግሩ ጀምሮ ሐኑማን መሥራት ጀመረ።